በነጻ ለሚያክም የጥርስ ሐኪም ዋሱ ማን ነው?

ነጋዴ የሆነ ሰው ሸቀጡን በጭነት መኪና አስጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ዳንግላ በሚያስመጣበት ጊዜ አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ኢንሹራንስ መኖሩን ነው። ይህንንም የሚጠይቀው ሹፌሩን ስላላመነ አይደለም፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ለማንም የማያዳላ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ይኸው ነጋዴ ግን የጥርስ ሐኪሞች ሕዝቡን በነጻ ለማከም ወደ ከተማው በሚመጡበት ጊዜ ማረፊያ ይይዝላቸዋል፥ ምሳ ያበላቸዋል፥ በመጨረሻም ጋቢ አልብሶ ይሸኛቸዋል እንጂ፥ በሕክምናው መካከል በታካሚው ላይ ድንገት ጉዳት ቢደርስ ካሳውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቅ አይሰማም። ለሸቀጥ የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው መንጋጋ ስለ ምን ይነፈጋል?

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ982 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ የተቆጠረበት አገር ነው። ድንቹ፥ ቀርከሃውና የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከዲከረንስ ዛፍ የሚያወጣው ከሰል ለገበያ የሚቀርብበት፥ ንግዱም እየሰፋ የሄደ አገር ነው። በጥርስ ሕክምና በኩል ግን ችግሩ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ያሉት የጥርስ ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘኑ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነዚሁም የሚበዙት የሚሠሩት በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ነው። ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ከዳንግላ ወደ 80፥ ከእንጅባራ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር መድረስ አለበት፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ የታካሚውንም የሐኪሙንም ጉዞ ይበልጥ አክብዶታል። ሐኪም በሌለበት ቦታ ሁሉ የሕፃናትን ግግ በስለት የሚያወጣ፥ እንጥል የሚቆርጥ፥ የአዋቂውንም ጥርስ በጉጠት የሚነቅል ሰው አይጠፋም። ከዚህም የተነሣ ደም አልቆም ያለው፥ ቁስሉ ያመረቀዘበትና ለሞት የተዳረገ ሕፃን መኖሩን ወላጆች ያውቁታል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የበጎ ፈቃድ ሕክምና ነው። በየዓመቱ በክረምት ወራት በሚደረገው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የመንግሥት ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች ነጻ ሕክምና ይሰጣሉ። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም፥ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ እንደ ተመሠረተው እንደ ፒፕል ቱ ፒፕል ባሉ ማኅበራት እየተሰባሰቡ፥ ዕውቀታቸውን ለወገናቸው ለማካፈል ሲደክሙ ቆይተዋል። ከድድ ጀምሮ የሕፃናትን ፊት የሚበላውን ኖማ የተባለውን በሽታ ለመጠገን ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የበጎ ፈቃድ ቀዶ ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ ሲያመጣ ኖሯል፤ ይህንኑ በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ትኩረት ከተነፈጋቸው የቆላ በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያስመሰግን ስለ መሆኑ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ምስጋና ብቻውን ይበቃል ወይ በሚለው ላይ ነው።

ጥርስ መንቀል ለተመልካች ቀላል ይመስላል። የሙያው ሰዎች ግን እንዲህ አይሉም። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ፥ ከመንጋጋ ጥርሶች ሥር፥ የከንፈርንና የአገጭን ስሜት የሚያስተላልፍ ነርቭ ያልፋል፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ይህ ነርቭ የተነካ እንደ ሆነ ከንፈሩ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ይህን ሳይናገር ጥርሱን ቢያስነቅል ደሙ እንቢ ሊል ይችላል። ከጥርስ ሥር የተነሣ መግል ወደ አንገት ወርዶ የአየር መተላለፊያን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። መሣሪያው በሚገባ ካልተቀቀለ ወይም ኦቶክሌቩ ካልሠራ የጉበት በሽታ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። በዘመቻ ሕክምና ደግሞ በአንድ ቀን የሚታየው ሰው ብዙ ነው፤ የራጅ መሣሪያ ላይኖር ይችላል፤ ሐኪሙ የታካሚውን የቀድሞ ሕመም አያውቅም፤ አማርኛ ብቻ የሚናገረው ሐኪም አገውኛ ብቻ ከሚናገሩት እናት ጋር በሚገባ አይግባባም። ከሁሉም በላይ በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ እብጠቱ የሚጀምረው ግን ምናልባት በአራተኛው ቀን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028፥ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ቁጥር 2031 ደግሞ ሙያ ያለው ሰው የሙያውን ደንብ ማክበር እንዳለበትና፥ በሳይንስ በታወቀው ወይም ባለሙያዎች በተቀበሉት ደንብ ሲመዘን ግዴታውን አለማወቁን በግልጽ የሚያሳይ ቸልተኝነት የተገኘበት እንደ ሆነ ኃላፊ እንደሚሆን ያስረዳል። በነጻ የተደረገ ሕክምና እንደ ውል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብለው የሕግ ሰዎች ሊከራከሩ ይችላሉ። ቁጥር 2031 የሚመለከተው ግን ሙያውን የሚሠራውን ሰው ነው፤ ዋጋ ተቀብሏል ወይስ አልተቀበለም ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ «በነጻ ስለ ሠራሁ አልጠየቅም» ብሎ የሚያስብ ሐኪም ቢኖር በሕግ ሳይሆን በተስፋ ላይ ተደግፏል ማለት ነው።

በዚሁ ሕግ ቁጥር 2651 መሠረት የሕክምና ተቋም ቀጥሮ የሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በታካሚው ላይ ላደረሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ይሆናል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ለሁለት ቀን የመጣው በጎ ፈቃደኛ የሆስፒታሉ ቅጥር ሠራተኛ ነውን? ደመወዝ የለውም፥ የቅጥር ደብዳቤም የለውም፤ ነገር ግን በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ፥ በሆስፒታሉ ወንበር ላይ፥ ሆስፒታሉ የጠራለትን ታካሚ ያክማል። አስተናጋጁ ክሊኒክ ለራሱ ሠራተኞች የገባው የኢንሹራንስ ውል ቢኖር እንኳ ስሙ ያልተመዘገበውን እንግዳ ሐኪም ላይጠቅስ ይችላል። ሐኪሙም በአዲስ አበባ ለራሱ ክሊኒክ የገባው ውል ከዚያ ግቢ ውጭ ለሚሠራው ሥራ ላያገለግል ይችላል። ባሕር ማዶ የተገዛው ውል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት አገር ተለይቶ የተጻፈበት ነው። በዚህ ሁኔታ ሦስት ወገኖች እያንዳንዳቸው «ሌላው ዋስትና አለው» ብለው ሲያስቡ ሦስቱም ያለ ዋስትና ይቀራሉ።

ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ማሰብ ይቻላል። ከሰል እያከሰለ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አንድ ገበሬ በነጻ ሕክምና ቀን ጥርሱን ተነቀለ እንበል። በሳምንቱ አንገቱ አብጦ ባሕር ዳር ተወሰደ፤ አንድ ወር ተኛ፤ የከሰሉ ወቅት አለፈበት፤ ለመድኃኒትና ለአስታማሚ ሲል በሬውን ሸጠ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ቢሆን የሕክምናው ወጪ በከፊል ወይም በሙሉ ይሸፈንለት ይሆናል። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአማራ ክልል በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የዳንግላ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር ስለ ነበረ የአካባቢው ሕዝብ ያውቀዋል። ነገር ግን ጤና መድን የሚከፍለው ለሕክምና ነው፤ ለታጣው ገቢና ለተሸጠው በሬ አይከፍልም። ይህን የሚከፍለው በኃላፊነት የሚጠየቀው ሰው ወይም የእርሱ የኃላፊነት ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ዋናው ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። አንደኛው ተቃውሞ «ስጦታ የሰጠ ሰው ሊከሰስ አይገባውም፤ በነጻ የሚያክመውን ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ሕግ ይውጣ» የሚል ነው። ለዚህም አሜሪካ በምሳሌነት ትጠቀሳለች። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የበጎ ፈቃደኞች መጠበቂያ ሕግ፥ ትርፍ ለማያገኝ ድርጅት ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በነጻ የሚሠራውን ሰው ከተራ ቸልተኝነት ክስ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ሕጉ በደንብ መነበብ አለበት። የሙያ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ከሆነ ሠራተኛው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ከባድ ቸልተኝነትን አይሸፍንም፤ በመኪና የሚደርሰውንም አደጋ ጨርሶ አይነካም። ከዚህም ጋር የአሜሪካ መንግሥት ለነጻ ክሊኒኮች በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች፥ ጥርስ ሐኪሞች ጭምር፥ ራሱ በእነርሱ ፈንታ ተከሳሽ ሆኖ የሚቆምበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕግ ከፍቷል። ይህም ክሊኒኩ ከታካሚው ገንዘብ እንዳይቀበልና ታካሚው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያውቀው የሚያስገድድ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር እንኳ ሐኪሙን ነጻ ማውጣት ብቻ በቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ለተጎጂው የሚከፍል ካዝና ማዘጋጀት አስፈልጓል።

ይህ ካዝና በሌለበት አገር ሐኪሙን ብቻ ነጻ ማውጣት ማለት ጉዳቱን ከሐኪሙ ትከሻ አንሥቶ በገበሬው ትከሻ ላይ መጫን ማለት ነው። በነጻ የታከመ ሰው ሲጎዳ ሕመሙ ከፍሎ ከታከመው ሰው አያንስም። ድኻ በመሆኑ ነጻ ሕክምና የፈለገው ሰው ጉዳቱንም ችሎ ዝም እንዲል መፍረድ ለስጦታው ክብር የሚጨምር አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ኢንሹራንስ ሐኪሙን ቸልተኛ፥ ሕዝቡንም ከሳሽ ያደርገዋል» የሚል ነው። ይህ ነገር ከመኪና ኢንሹራንስ ጋር ቢነጻጸር መልሱ ይገኛል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ያስገድዳል፤ ሹፌሮች ቸልተኞች እንዳይሆኑ ሲባል አዋጁ ይሻር ያለ ግን የለም። የሕክምናም ነገር እንዲሁ ነው። ኢንሹራንስ ሆነ ተብሎ ለተፈጸመ ጥፋት አይከፍልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በቸልተኝነት ሰውን የገደለን ወይም የአካል ጉዳት ያደረሰን ሰው በቁጥር 543 እና በቁጥር 559 ይቀጣል፤ ከዚህ ቅጣት የሚያድን የኢንሹራንስ ውል የለም። እንዲያውም ኩባንያው ውል ከመግባቱ በፊት የሙያ ፈቃድ፥ የታካሚ መዝገብና የመሣሪያ ንጽሕና ስለሚጠይቅ ዘመቻው በሥርዓት እንዲካሄድ ያስገድዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአገር ባህል የሚነሣ ስለ ሆነ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ይኸውም «በአዊ ምድር ጉዳት ሲደርስ ሽማግሌ አለ፤ ፍርድ ቤትና ኢንሹራንስ ምን ያደርጋሉ?» የሚለው ነው። ሽምግልና የተቀየመን ልብ ያስታርቃል፤ ቂምንም ያበርዳል። ዳሩ ግን ሽማግሌዎች የሚፈርዱት ካሳ ከአንድ ወጣት ሐኪም ኪስ የሚወጣ ከሆነ ያ ሐኪም ዳግመኛ አይመጣም፤ የሰሙትም ጓደኞቹ አይመጡም። ደግሞም የኢንሹራንስ ውሎች ዋስትና የተገባለት ሰው ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋቱን እንዳያምንና ገንዘብ እንዳይከፍል የሚከለክል ቃል አብዛኛውን ጊዜ አለባቸው። ሐኪሙ በቅን ልብ በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ቢል ኩባንያው በዚሁ ምክንያት አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ የኩባንያው ወኪል ባለበት የሚደረግ ሽምግልና የተፈቀደ መሆኑ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ መጻፍ አለበት። እንዲህ ሲሆን ባህልና ሕግ አይጣሉም።

አሁን ነገሩ ወደ ነጋዴው ይመለሳል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚመጣ ሐኪም ብቻውን የዓመት አረቦን ከፍሎ እንዲመጣ መጠየቅ አይገባም፤ ጊዜውንና ሙያውን ሰጥቷልና። ሆስፒታሉም በጀቱ ጠባብ ነው። የንግዱ ኅብረተሰብ ግን ለማረፊያና ለግብዣ የሚያወጣውን ገንዘብ ከፍሎ፥ ለዘመቻው በሙሉ አንድ የጋራ ውል ሊገዛ ይችላል። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ በኢትዮጵያ ገበያ የሚሸጥ ነገር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ከቁጥር 685 ጀምሮ ስለ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የደነገገ ሲሆን፥ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣ የኢንሹራንሱ ክፍል አልተሻረም። የጎደለው ዕቃው ሳይሆን ጠያቂው ነው። በአንድነት ተሰባስቦ የሚጠይቅ ደግሞ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ይህን ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም።

ውሉ ሲገዛ ግን ወረቀቱ መነበብ አለበት። በመጀመሪያ የሐኪሞቹና የረዳቶቹ ስምና የፈቃድ ቁጥር፥ የሚሠሩበትም ቦታ ተለይቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ በነጻ የሚሠራ ሥራ የተሸፈነ መሆኑ በግልጽ ይነገር፤ በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሦስተኛ፥ የሚሠራው ሥራ ይዘርዘር፤ ጥርስ መንቀልና መሙላት ተብሎ የተገዛ ውል ለመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አይሆንም። አራተኛው ነጥብ ከሁሉ የሚረሳው ነው። አንዳንዱ ውል የሚከፍለው ጉዳቱ በውሉ ዘመን ውስጥ የደረሰ እንደ ሆነ ነው፤ ሌላው ግን የካሳው ጥያቄ ራሱ በውሉ ዘመን ውስጥ ካልቀረበ አይከፍልም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ለተጎጂው ክስ የማቅረቢያ ሁለት ዓመት ይሰጠዋል። እንግዲህ ለሦስት ቀን ብቻ የተገዛና ጥያቄውም በሦስቱ ቀን ውስጥ እንዲቀርብ የሚያዝዝ ውል ገንዘብ ወስዶ ዋስትና የማይሰጥ ወረቀት ነው። አምስተኛ፥ የጠበቃ ወጪ ከካሳው መጠን ጋር ተደምሮ ነው ወይስ ለብቻው የሚለው ይታወቅ።

ከውሉ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮችም አሉ። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቅጠል መዝገብ ይያዝ፤ የተነቀለው ጥርስ፥ የተሰጠው ማደንዘዣና የተነገረው ምክር ይጻፍበት። ታካሚው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የሚደረግለት ነገር በሚያውቀው ቋንቋ፥ ማለት አገውኛ ተናጋሪ ከሆነ በአገውኛ፥ ይነገረው፤ ያልገባውን ወረቀት የፈረመ ሰው እንደ ፈቀደ አይቆጠርም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ያበጠውን ወይም የደማውን የሚቀበል የአካባቢ ባለሙያ በስም ይታወቅ፤ ብዙው ጉዳት ክስ የሚሆነው የሚቀበለው ሰው በመታጣቱ ነውና።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1885 ሐኪሞች አንዱ ሲከሰስ ሁሉም የሚደርሱበትን የመከላከያ ማኅበር አቋቁመዋል፤ የጥርስ ሐኪምም በዚያ አገር ያለ ዋስትና እንዳይሠራ ተደርጓል። ይህ ሐሳብ ለአዊ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እድር የሚባለው ምን ሌላ ነገር ነው? ሞት ከመምጣቱ በፊት በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ፥ ኀዘን ሲመጣ አንዱ ቤት ብቻውን እንዳይወድቅ የሚያደርግ የአገር ኢንሹራንስ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም ፈረስ ለማስጋለብ ብቻ የቆመ ሳይሆን አባላቱ በደስታና በኀዘን የሚረዳዱበት ነው። የጋራ አረቦን ከዚህ የሚለየው በመዝገቡና በማኅተሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ የእንጅባራና የዳንግላ ነጋዴዎች በምክር ቤታቸው አማካይነት ከሆስፒታሎቹና ከዞኑ ጤና መምሪያ ጋር ተነጋግረው፥ ከሚቀጥለው የክረምት ዘመቻ በፊት ከልዩ ልዩ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የዋጋ ማቅረቢያ ቢያስመጡ ተገቢ ነው። ኩባንያዎቹም ለአጭር ጊዜ ዘመቻ የሚሆን፥ በአማርኛ የተጻፈ፥ በግልጽ የሚነበብ ውል ቢያዘጋጁ ገበያም ምስጋናም ያገኛሉ። በነጻ የሚያክመው ሐኪም ጋቢውን ለብሶ በሚሸኝበት ዕለት የጋራ ውሉም ግልባጭ በእጁ ቢኖር እርሱ ሳይሠጋ ይመለሳል፤ ገበሬውም ሳይሠጋ አፉን ይከፍታል።